በጋራ በሚጻፍ ተረት ውስጥ የክፉ ገጸ ባሕርይ አቀራረጽ



ከሐረም በስተ ደቡብ በሚገኘው በሚስፈላ ሠፈር፣ ከኢብራሂም አል-ኸሊል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ያረጀ ሕንፃ ውስጥ ስድስት ተማሪዎች በአንድ ቤት እንኖራለን። ዓርብ ዓርብ ማታ አንድ ደብተር እየተቀባበልን ተረት መጻፍ ከጀመርን ዓመት አልፎናል። የተረቱ መነሻ የእኛ አይደለም፤ በአክሱም ነግሦ ነበር የሚባለው የዘንዶው የአርዌ ታሪክ ነው። አርዌ ከተገደለ በኋላ አገሩ ምን ሆነ? ግብሩን ይሰበስቡለት የነበሩት ሹማምንት የት ገቡ? ከዚህ ጥያቄ ተነሥተን አንዱ ካቆመበት ሌላው እየቀጠለ ይጽፋል። ሕጋችን አንድ ነው፦ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይሰርዝም፣ አይቃረንምም። አንዱ ወንዙ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል ካለ ለሁላችንም ወደ ምሥራቅ ይፈሳል።

ይህ ሕግ ለወንዝና ለተራራ በቂ ነበር። ለክፉው ሰው ግን አልበቃም። ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ክፉ ሰው ምክንያት ከስድስታችን አንዱ ደብተሩን መቀበል ተወ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ክፉ ገጸ ባሕርይ ብዙ እጅ ሲገባበት እንዴት እንደሚቀረጽ ከታወቁ ታሪኮች ላይ መመርመርና በእኛ ቤት የደረሰውንም ሳይሸፍኑ ማቅረብ ነው። ጸሐፊው የሕክምና ተማሪ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ስላልሆነ የጎደለውን እናንተ ትሞሉታላችሁ።

ዘንዶው ምን ይበላል?

የአርዌን ታሪክ አባቶቻችን በአንድ መልክ ብቻ አልተረኩትም። በአንዱ አነጋገር አንጋቦ የሚባል ሰው መጥቶ፣ ብታነግሡኝ እገድልላችኋለሁ ብሎ ከሕዝቡ ጋር ይዋዋልና መርዝ በበላች ፍየል ዘንዶውን ይገድለዋል፤ ንግሥተ ሳባም የዚህ ሰው ልጅ ትሆናለች። ኤኖ ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የአክሱም ትረካ ግን፣ ለዘንዶው እንድትሰጥ ዛፍ ላይ የታሰረችው ልጃገረድ ራሷ ንግሥቲቱ ናት። ዘንዶውን የሚገድሉት ቅዱሳን ሲሆኑ፣ ደሙ እግሯ ላይ ቢንጠባጠብ ተረከዟ የአህያ ይሆናል። (ቀይ ባሕርን ተሻግረን ስንመጣ የዐረብ ተራኪዎችም ስለ በልቂስ እግር የሚሉት አላቸው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።)

ልብ እንበል፤ ተራኪዎቹ ዘንዶውን ማን እንደገደለው አይስማሙም። ግብር ይቀበል እንደነበር ግን ይስማማሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ርዝመቱ ስንት ክንድ ነው፣ ቀንድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጌጥ ነው፤ እያንዳንዱ ተራኪ እንደ ጣዕሙ ይጨምርበታል። ግብሩ ግን አገሩን በሙሉ ይነካል። ግብር ካለ የሚሰበስብ ሹም አለ፤ ዕጣ የሚያወጣ ሽማግሌ አለ፤ ዕጣው ለጎረቤቱ ልጅ ሲወጣ በልቡ ተመስገን የሚል አባት አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከዘንዶው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ አባት ነው። ደብተራችንም ከመጀመሪያው ጥሩ የሄደው በዚህ በኩል ነው፤ ዘንዶው ከሞተ በኋላም ሹማምንቱ «አልሞተም፣ ተኝቷል» እያሉ ግብሩን መሰብሰባቸውን ቀጠሉ ብለን ጻፍን።

በፍየሏ ላይ ደግሞ ሁለት ዓርብ ሙሉ ተከራክረናል። መርዝ የበላች ፍየል እስከ ዘንዶው አፍ በእግሯ እንዴት ደረሰች? አንዱ መርዙ የቁልቋል ወተት ነው አለ። እኔም የቁልቋል ወተት አፍና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ፍየሏ ገና በቀመሰችው ጊዜ ትተፋው ነበር ብዬ ተቃወምኩ። በመጨረሻ መርዙ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፣ ዘንዶውም ሳያኝክ የሚውጥ ስለሆነ አልቀመሰውም በሚለው ታረቅን። እንዲህ ያለው ክርክር ሥራ ፈትነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዘንዶው የሚሞተው ስለሚበላ ነው፤ ደግሞም የሚሞተው በሚበላበት መንገድ ነው። የክፉው ሰው ኃይልና ድክመት ከአንድ ቦታ ሲመነጩ ታሪኩ ይጠብቃል።

አብርሃ፣ ዝሆኑና ሎሌዎቹ

ለእኛ ለዚህ ከተማ ነዋሪዎች ከአርዌ የቀረበ ምሳሌ አለ። የመካ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ከሚሰማቸው የክፉ ሰው ታሪኮች አንዱ የሐበሻ ታሪክ ነው። እኔም እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ዝሆኑን የት አሰርከው?» ብሎ ቀልዶብኛል። ሳቅሁ፤ ማታ ግን ጉዳዩን ማንበብ ጀመርኩ።

ሱረቱል ፊል አምስት አንቀጽ ብቻ ናት። የዝሆኑን ባለቤቶች ትጠቅሳለች እንጂ የአብርሃንም ሆነ የዝሆኑን ስም አትጠራም። ቃሉ የአላህ ቃል ነውና ከዚህ ጥናት በላይ ነው፤ እኛ የምንመለከተው ከዚያ በኋላ ተራኪዎች የሰበሰቡትን፣ በተለይም ኢብን ኢስሐቅ እ.ኤ.አ. በ8ኛው መቶ ዓመት ያጠናቀረውንና ኢብን ሂሻም ያስተላለፈውን ሲራ ነው። በዚህ ትረካ አብርሃ ሙሉ ሰው ይሆናል። ከአርያጥ ጋር በተዋጋ ጊዜ ፊቱ ስለተሰነጠቀ አል-አሽረም ይባላል። ሰንዓ ላይ አል-ቁለይስ የሚባል ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል፤ አንድ ዐረብ ቤቱን ስላረከሰበት ይቈጣል፤ ቁጣው ወደ መካ ያመጣዋል። ዝሆኑ ማሕሙድ ይባላል። ወደ የመን ሲያዞሩት ይሮጣል፣ ወደ መካ ሲያዞሩት ይንበረከካል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የግመሎቹ ትረካ ነው። የአብርሃ ጭፍሮች የዐብዱል ሙጦሊብን 200 ግመሎች ይዘርፋሉ፤ ባለቤቱም ወደ ሰፈሩ ይመጣል። አብርሃ እንግዳውን ባየው ጊዜ ከበታቹ ሊያስቀምጠው አልፈቀደም፤ በዙፋኑ ላይ አብሮት ማስቀመጥም አልቻለም፤ ስለዚህ ራሱ ከዙፋኑ ወርዶ ምንጣፍ ላይ ከእንግዳው ጎን ተቀመጠ ይላሉ። እንግዳው ስለ ካዕባ ይለምነኛል ብሎ ሲጠብቅ ስለ ግመሎቹ ብቻ ጠየቀው፤ ቤቱ የራሱ ጠባቂ ጌታ አለው አለው። ተራኪው እዚህ ላይ አብርሃን አዋርዶ ማሳየት ይችል ነበር። ጨዋነቱን ስላልነፈገው ግን ስሕተቱ ጎልቶ ታየ፤ ሰውየው ሰውን ማክበር ያውቃል፣ ምን እንደመጣበት ግን አያውቅም።

የታሪክ ሰነዶችን ስንገልጥ ደግሞ ሌላ ሰው እናገኛለን። የቢዛንታይኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዩስ፣ አብርሃ በአዱሊስ ወደብ በመርከብ ንግድ ይሠራ የነበረ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር ይላል። እ.ኤ.አ. በ548 ማሪብ ላይ ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ የፈረሰውን ግድብ እንዴት እንዳሳደሰ፣ ከአክሱም፣ ከሮምና ከፋርስ መልእክተኞች እንደመጡለት ይተርካል። በሥራው መካከል በሽታ ገብቶ ሠራተኞቹን ማሰናበት ግድ እንደሆነበትም ይናገራል፤ ይህን ሳነብ፣ የሕክምና ተማሪ ነኝና፣ ምን ዓይነት በሽታ ይሆን እያልኩ አንድ ምሽት አጠፋሁ። ግድብ የሚሠራውን ንጉሥ የመካ ተራኪ አላወቀውም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም ነበር። በጋራ የሚጽፍ ሰው ግን ክፉው ሰው በሌላው መንደር ምን ተብሎ እንደሚነገርለት ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ኢብን ኢስሐቅ ጦሩ ከጠፋ በኋላ ያለውንም አልተወም። ኩፍኝና ፈንጣጣ በዐረብ ምድር መጀመሪያ የታዩት በዚያ ዓመት ነው የሚል ወሬ ያስተላልፋል። ከእመት ዓኢሻ የተላለፈ አንድ ቃልም ያሰፍራል፤ የዝሆኑን መሪና ጠባቂውን ሁለቱም ታውረውና ሽባ ሆነው በመካ መንገድ ላይ ምግብ ሲለምኑ አይቻቸዋለሁ ይላል። ይህን አንቀጽ ካነበብኩ ወዲህ ወደ ሐረም ስወርድ ይታሰበኛል። ንጉሡ ሞቷል፤ ዝሆኑም የለም። ወደዚህ የመጡት ታዘው እንጂ ፈልገው ይሁን አይሁን የማናውቃቸው ሁለት ሎሌዎች፣ ምናልባት ቋንቋችን ከሚገባቸው ወገን የሆኑ፣ ባሸነፈው ሕዝብ ደጅ ቆመው ይለምናሉ። ክፉውን ሰው ስንቀርጽ ዝሆኑን ማን ይመግበው እንደነበረና ኋላ የት እንደወደቀ መጠየቅ እንዳለብን የተማርኩት ከዚህ ነው። የተማርኩት ግን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ጉትቻው

ወደ ደብተራችን ልመለስ። ተራዬ ሲደርስ የአርዌን ግብር የሚሰበስበውን ዋና ሹም መልክ መስጠት የእኔ ድርሻ ሆነ። ከየት ላምጣው? ከልጅነቴ ጀምሮ በተዘጋጀልኝ ነገር ላይ እጄን ዘረጋሁ። ቀን ቀን ወናፍ የሚነፋ ቀጥቃጭ አደረግሁት፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፤ ጅብ ሆኖም ቢሆን በጆሮው ላይ ያለው ጉትቻ አይወልቅም። በጉትቻው ኮርቼ ነበር። ጉትቻው የእኔ ፈጠራ እንዳልሆነ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ እንኳ፣ በአገራችን ጉትቻ ያደረገ ጅብ ስለመታየቱ የሚነገረውን ጽፎታል።

ምዕራፉን ሳነብ አራቱ ሳቁ፤ ወደዱት። አምስተኛው ወንድማችን ዝም ብሎ ሰማና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ይህ ሰውዬ ቀን ቀን የሚቀጠቅጠውን ማረሻ የሚገዛው ማን ነው?»

የአጻጻፍ ጥያቄ መስሎኝ፣ ገበሬው ነዋ አልኩት።

«ገበሬው ማረሻውን ይገዛዋል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። አይደለም?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አባቴ ማረሻ ቀጥቅጦ ነው ያስተማረኝ» አለና ደብተሩን ሳይቀበል ተነሥቶ ወደ መኝታው ገባ።

በአንድ ክፍል ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። የማላውቀውም ሊነግረኝ ስላልደፈረ ነው፤ ያልደፈረውም እኔን የመሰሉ ሰዎች በምን እንደሚስቁ ስለሚያውቅ ነው።

ጉዳዩን ከዚያ በኋላ ሳስበው፣ ቡዳ ብዙ ሰው በጋራ የሠራው ገጸ ባሕርይ መሆኑ ታየኝ። ከአርዌ የሚለየው ግን አለ። አርዌ ግብሩ እንጂ ጎረቤቱ የለም፤ ማንም ሰው በመንገድ ሲያልፍ አርዌ ነው ተብሎ አይጠረጠርም። የቡዳ ምልክቶች ግን ከሕያው ሰው ላይ የተወሰዱ ናቸው፤ ከቀጥቃጩ፣ ከሸክላ ሠሪዋ፣ ከሸማኔው፣ በጎንደር በኩልም ከቤተ እስራኤል። ታሪኩ ሲያልቅ ምልክቱ ሰውየው ላይ ይቀራል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ደግሞ ሚስፈላ ተቀምጬ ጉትቻውን አንጠለጠልሁ።

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ከደሴ ብዙ በማይርቀው በተወለድሁበት መንደር የጎረቤታችን ልጅ በድንገት ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቡዳ በልቷታል ተባለና ከጭስ ሥር አስቀምጠው «ማነህ? ልቀቃት!» እያሉ ሲጠይቋት ዋሉ። ወደ ማታ ላይ አንድ ስም ወጣት። ስሙ እናቴ እንስራ ትገዛት የነበረች የሸክላ ሠሪ ሴት ስም ነበር። ሴትየዋን ጎትተው አምጥተው ልጅቱ ላይ እንትፍ እንድትል አደረጓት። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ዛሬ በተማርኩት መጠን ሳስበው ሕመሙ የሚጥል በሽታ ይመስለኛል፤ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ብዙ ጊዜ ሊገታ የሚችል ነው። ልጅቱን ጤና ጣቢያ የወሰዳት አልነበረም፤ ክፉው ሰው አስቀድሞ ስለተቀረጸ የሚፈለገው ስም ብቻ ነበር። እንስራ ሻጯም ከዚያ ገበያ ቀረች።

እንግዲህ ከመካከላችሁ አንዳንዱ «ተረት ነው፣ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። እኔም ወንድማችን በተነሣባት ሌሊት ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ሆኖም ተረቱ የጋራ በሆነ ጊዜ እኔ የጨመርሁት ምልክት የእኔ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በሕጋችን መሠረት ሌሎቹ አምስቱ ሊሰርዙት አይችሉም። ወንድማችን ደብተሩን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ አባቱን ጅብ አድርጎ ለመቀጠል ይገደድ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሕጉንም በስምምነት አሻሻልነው፤ ከጸሐፊዎቹ የአንዱን ወገን፣ ሙያ ወይም አገር የሚነካ ምልክት ሲሆን ሁሉም ተስማምተው ይሰረዛል። በሹሙ ላይ አንድ ሙሉ ምሽት ሠራንበት። ወናፉን አነሣንለት፣ ጉትቻውን አወለቅንለት፤ ከዚያም ምን ይብላ ተባለ። ከብዙ ክርክር በኋላ የሚበላው የሌላውን ሰው ተራ ነው አልን። ዕጣ የወጣበትን አባት በምሥጢር ጠርቶ፣ ልጅህን በጎረቤትህ ልጅ ልለውጥልህ እችላለሁ ይለዋል፤ አባትየውም እሺ ካለበት ቀን ጀምሮ የሹሙ ሎሌ ይሆናል። ሹሙ ጥፍርም ጥርስም የለውም። እንግዳ ሲመጣ ግን ከወንበሩ ይነሣል፤ ይህን ከአብርሃ ወሰድንለት።

በየቤታችሁ ይህን ለመሞከር ለምትፈልጉ፣ ለውይይት የሚሆን ጥያቄ እነሆ፦ ሹሙ ሲወድቅ፣ ልጆቻቸውን ያስለወጡት አባቶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ገበያ እንዴት ይውላሉ? በእኛ ቤት እስካሁን መልስ አላገኘንለትም። ሦስት ሰው ይሰደዱ ይላል፤ ሁለት ሰው ይቅር ይባሉ ይላል።

ስድስተኛው ሐሳቡን ገና አልሰጠም። ቀጥቃጩ በታሪኩ ውስጥ እንዲቀር የጠየቀው ግን እሱ ነው፤ የሹሙ ሰዎች ሰንሰለት ሥራልን ብለው ወደ ቀጥቃጩ ቤት በሌሊት የሚመጡበትን ምዕራፍ እኔ እጽፋለሁ ብሎ ደብተሩን ከወሰደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።