መላ ሰውነትን የሚያም ሕመም፦ ፋይብሮማያልጂያን ማወቅና ከእርሱ ጋር መኖር

በጎንደር ከተማም ሆነ ከወገራ እስከ ደባርቅና ጃናሞራ ባለው ደጋ፣ «ቁርጥማት አለብኝ» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ጉልበቴን፣ ሌላው ወገቤን፣ ሌላዋ ትከሻዬን ትላለች። ገሚሱ ብርድ መታኝ ይላል፤ ገሚሱ ምች ነው ይላል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠሩት ሕመሞች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል መላ ሰውነትን ለወራትና ለዓመታት የሚያም፣ እንቅልፍና ጉልበት የሚነሣ፣ በላቦራቶሪና በራጅ ሲፈለግ ግን የማይታይ አንድ ሕመም አለ። ሐኪሞች ፋይብሮማያልጂያ ይሉታል።

ይህን ርዕስ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የመምህር ሥራ ቆሞ መዋል፣ ክንድን አንሥቶ መጻፍ፣ ማታም ደብተር ላይ አቀርቅሮ ማምሸት ስለሆነ የሰውነት ሕመም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2013 በጎንደር ከተማ መምህራን ላይ ተደርጎ የታተመ የወገብ ሕመም ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወገባቸውን ይታመሙ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የወገብ ሕመም ሁሉ ፋይብሮማያልጂያ ነው ማለታችን አይደለም፤ ልዩነቱን ወደ ታች እናየዋለን። ሁለተኛ፣ ነገ በየወረዳው ስንመደብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ባልደረባ፣ ተማሪ ወይም የተማሪ እናት ማግኘታችን አይቀርም። የማይታይ ሕመም ያለበትን ሰው «ሰነፍ» ብሎ መጥራት ደግሞ በሕመም ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

ቃሉ የተውጣጣው ከላቲንና ከግሪክ ነው፤ «የክርና የጡንቻ ሕመም» እንደ ማለት ነው። በ1904 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ የጡንቻ ክሮች የተቆጡ ስለ መሰለው «ፋይብሮሳይተስ» ብሎ ሰየመው። ኋላ ግን የሕመምተኞች ጡንቻ ሲመረመር የተቆጣ ነገር ስላልተገኘ፣ በ1976 ስሙ ፋይብሮማያልጂያ ወደሚለው ተለወጠ። በ1990 የአሜሪካ የቁርጥማት ሐኪሞች ኮሌጅ መለያ ደንብ አወጣ፤ ሐኪሙ በጣቱ 18 ቦታዎችን ሲጫን ቢያንስ 11ዱ ካመሙ ሕመሙ አለ ይባል ነበር። በ2010 ይህ ተሻሽሎ፣ ሕመሙ በስንት የአካል ክፍል እንደ ተሰራጨ መቁጠርና የድካሙን፣ የእንቅልፉንና የሐሳቡን ሁኔታ መመዘን ተጀመረ። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብም ሕመሙ ራሱን የቻለ ሥር የሰደደ ሕመም ሆኖ ሰፍሯል። ስለዚህ «የፈጠራ በሽታ ነው» የሚባልበት ዘመን አልፏል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሰዎች ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ያሳያሉ። በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችንና ልጆችንም ግን ይይዛል። ዋና ዋና ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ ከወገብ በላይና በታች፣ በቀኝም በግራም የሚሰማ፣ ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም። ሰዎቹ ሲናገሩ «ይጠዘጥዘኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ዱላ የበላሁ ይመስለኛል» ይላሉ።

2ኛ/ ተኝቶ አድሮም ቢሆን ደክሞ መነሣት። ሌሊቱ አልፏል፤ ዕረፍቱ ግን የለም።

3ኛ/ ሐሳብ መበታተንና መርሳት። መምህር ከሆነ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ያጣዋል።

4ኛ/ ከእነዚህ ጋር የራስ ምታት፣ የሆድ መነፋት፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ድምፅና ብርሃን አለመቻል ሊኖር ይችላል።

ሕመሙ አንድ ቀን ይበረታል፣ አንድ ቀን ይለዝባል። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። «ትናንት ገበያ ወጥታ ዛሬ አመመኝ ትላለች» እየተባለ ይታማል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ሕመም የሰውነት ጠባቂ ነው። እሳት ሲነካን እጃችንን እንድናነሣ የሚያደርገን እርሱ ነው። ይህን ጠባቂ በግቢ ውሻ እንመስለው። ደህና ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፤ ጎረቤት ሲያልፍ ዝም ይላል። አንዳንድ ውሻ ግን አንድ ጊዜ ከደነበረ በኋላ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮሃል። በፋይብሮማያልጂያ የሚሆነው ይህን ይመስላል። አንጎልና የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ነርቭ ከመጠን በላይ ንቁ ስለሚሆን፣ ሌላው ሰው ከመጤፍ የማይቆጥረው ጫና ለእነርሱ ሕመም ሆኖ ይሰማቸዋል። ሌባ የለም ማለት ጩኸት የለም ማለት አይደለም፤ የቤቱ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ያድራል።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የሕመምተኞችንና የጤነኞችን አውራ ጣት እየተጫነ አንጎላቸውን በምስል መሣሪያ ተመልክቷል። ሕመምተኞቹ በትንሽ ጫና ያሳዩትን የአንጎል እንቅስቃሴ ጤነኞቹ ያሳዩት ጫናው በጣም ሲጨመርባቸው ነበር። ስለዚህ ሕመሙ የይስሙላ አይደለም።

የእንቅልፍም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1975 በካናዳ ሐኪሙ ሃርቬይ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሰዎችን ከከባድ እንቅልፋቸው በድምፅ እያባነኑ ለጥቂት ሌሊቶች አሳደሯቸው። ሰዎቹ ጠዋት ሲነሡ ጡንቻቸውን ያማቸውና ይደክማቸው ጀመር። እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ያመጣል፤ ሕመም ደግሞ እንቅልፍን ይነሣል። የዞረ ድር ነው።

መነሻውን በተመለከተ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ። የመኪና አደጋ፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የረዥም ጊዜ ጭንቀትና ሐዘን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። የደጋው ብርድ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል እንጂ አይፈጥረውም።

ቁርጥማት ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ «የእኔም ይኸው ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። በአገራችን ደጋ ተመሳሳይ ስሜት የሚያመጡና መድኃኒት ያላቸው ሌሎች ሕመሞች አሉ።

የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ሰውነት ይከብዳል፣ ያማል፣ ይበርደዋል። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም የሚመከረውም ለዚህ ዕጢ ጤንነት ነው። ደም ማነስ ያደክማል። ያልተፈላ ወተት ከሚያስከትላቸው ሕመሞች አንዱ የሆነው ብሩሴሎሲስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። የጀርባ አጥንት ነቀርሳ መጀመሪያ ተራ የወገብ ሕመም ይመስላል። መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው የሩማቶይድ ቁርጥማትም ቶሎ ካልታከመ ጣቶችን ያጣምማል።

በመሆኑም የመገጣጠሚያ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መስነፍ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለዚህ ይሠራል።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም የለብሽም» ይባላል። ይህች አነጋገር ብዙ ሰው አስለቅሳለች። ትርጉሟ በትክክል ሲነገር «አጥንትሽና ደምሽ ላይ ጉዳት አላገኘንም፤ ሕመምሽ ግን አለ፤ ከነርቭሽ አሠራር ነው» መሆን ነበረበት። ሕመምተኛዋ ይህን ስትሰማ ግማሹ ጭንቀት ይቀልላታል።

ጎንደር ለጤና ትምህርት አዲስ ከተማ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1954 የተጀመረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው። የዚያን ጊዜ ዋና ጠላት ወባን የመሰለ ገዳይ በሽታ ነበር። የማይገድል ሕመም ተራው ዘግይቶ ነው የደረሰው። ዛሬ ግን በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ሕመምም የእነርሱ እርዳታ ዋነኛ ነው።

ከሕመሙ ጋር እንዴት ይኖራል?

ሕመሙን ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን ማለዘብና መደበኛ ኑሮ መኖር ይቻላል።

ሀ/ እንቅስቃሴ። በ2017 የታተመው የአውሮፓ የቁርጥማት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ብዙ ሕክምናዎችን መርምሮ በጽኑ የደገፈው አንዱን ብቻ፣ እንቅስቃሴን ነው። ታዲያ እንደ ጤነኛ ሰው ዳገት መሮጥ አይደለም። በሜዳ መንገድ 5 ወይም 10 ደቂቃ መራመድ፣ ሳምንት ጠብቆ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሕመሙ ትንሽ ሊብስ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት መተው አይገባም፤ መጠኑን መቀነስ ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለ/ ሥራን መከፋፈል። ብዙ ሕመምተኞች ደህና ቀን ሲያገኙ የሳምንቱን ሥራ ባንድ ቀን ይሠሩና ሦስት ቀን ይተኛሉ። ይህ ልማድ ሕመሙን ያጸናዋል። እንጀራ፣ እጥበትና ገበያ በአንድ ቀን አይደራረቡ። 20 ሊትር ውሃ ባንድ ጊዜ ከመሸከም 10፣ 10 ሊትር አድርጎ መመላለስ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው የቤቱ ወንዶች ልጆች እንዲያመጡ ማድረግ ነው። መምህርም ሰሌዳውን ከትከሻው በታች ባለው ክፍል ይጻፍ፤ ተማሪ ሲያነብ ይቀመጥ፤ ደብተር ሁሉ ቅዳሜ እስኪደርስ አያከማች።

ሐ/ እንቅልፍ። በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ ከቀትር በኋላ ቡና መተው። በረካው ይቅር፣ እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ከሆነ አቦሉም ይቅር። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ጋቢ ደርቦ መተኛት ጡንቻ እንዳይጨማደድ ይረዳል።

መ/ ሙቀት። ሙቅ ውሃ ሕመሙን ለጊዜው ያለዝባል። በደቡብ ጎንደር ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርዱ ሰዎች «ቀለል አለኝ» ቢሉ አይደንቅም። በቤትም ሙቅ ውሃ ያለበት ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ይቻላል። ለስለስ ያለ እሸት ይረዳል፤ ወጌሻ አጥብቆ ቢያሽ ግን ሕመሙ ይብሳል። በምላጭ የሚደረግ ዋግምት ግን የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ስለሚችል መተው አለበት። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ።

ሠ/ መድኃኒት። ሐኪም በትንሽ መጠን ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን ሊያዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት ለድብርትም ይሰጣልና ሕመምተኛው «አበድክ አሉኝ» ብሎ እንዳይሰጋ፤ እዚህ የሚሰጠው እንቅልፍን ለማስተካከልና የነርቭን ጩኸት ለመቀነስ ነው። ዱሎክሴቲንና ፕሪጋባሊንም ለአንዳንዶች ይጠቅማሉ። በአንጻሩ ዲክሎፍናክ በየሳምንቱ መወጋት ለዚህ ሕመም እምብዛም አይፈይድም፤ ጨጓራና ኩላሊትን ግን ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎንና የመሳሰሉትም አይረዱም።

ረ/ ንግግር። ጭንቀትና ድብርት ካለ መታከም ይገባል። የማይታመን ሕመምተኛ ብቻውን ይቀራል፤ ብቸኝነት ደግሞ ሕመሙን ያከብደዋል።

የመምህሩ ድርሻ

በአንድ ደጋ ወረዳ የምታስተምር መምህርት አለች እንበል። በወር ሁለት ሦስት ቀን ጠዋት መነሣት ያቅታታል። ርዕሰ መምህሩ ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው በስብሰባ መካከል «ሥራ የሚጠላ ሰው ምክንያት አያጣም» ማለት ነው። ሁለተኛው «መምህርት፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ብናዛውረውስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው መንገድ መምህርቷን ከሥራ ያስወጣታል፤ 60 ተማሪዎችንም ያለ አስተማሪ ያስቀራል። ሁለተኛው ከአንዲት የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ በቀር ምንም አያስወጣም።

ተማሪም እንዲሁ ነው። «እግሬን፣ ጀርባዬን» እያለ ለወራት የሚያማርር ልጅ ቢያጋጥመን ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት እንምከር። ማንበርከክ ለማንም ልጅ ቅጣት መሆን የለበትም፤ ለዚህ ልጅ ደግሞ ሥቃይ ነው። በክፍል መካከል ተነሥቶ እንዲንቀሳቀስ እንፍቀድለት። ከስፖርት ጨርሶ ማስቀረትም ስሕተት ነው፤ አቅሙ በፈቀደ መጠን ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ራጅ የማያሳየውን ሕመም ማወቂያው አንድ ነው፤ ታማሚው ሲናገር ማዳመጥ። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ በአካባቢያችሁ «ቁርጥማት» ተብለው የሚጠሩ ሕመሞችን ዘርዝሩ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልጋቸው በምን ይለያሉ?

2/ «ምንም የለብሽም» በሚለው ፈንታ ለሕመምተኛ ምን ቢባል ይሻላል?

3/ ደህና በሆኑበት ቀን ሥራ ማብዛት ሕመሙን የሚያጸናው ለምንድን ነው?

4/ ሕመም ያለበት አንድ ተማሪ በክፍላችሁ ቢኖር የዕለቱን ትምህርት እንዴት ታዘጋጃላችሁ?