የጋለ ሞተር ሲመረመር

ለፊቸር ኮርስ የቤት ሥራ ጣና ወርጄ፣ የተሳፈርኩባት ጀልባ እምቦጭ ውስጥ ገብታ ሞተሯ ጋለና ጠፋ። እየቀዘፍን ወጣን። ባለጀልባው ወዲያው ሊያስነሳው ሲል መካኒኩ «ተው አንተ፣ ቴስታታውን ልታጣምመው ነው!» አለው። ብድሩ ገና ያላለቀ ሞተር ነው።

የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ማቀዝቀዣ ሐይቁ ራሱ ነው፤ እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። እምቦጩ የውሃ መሳቢያውን ሲደፍነው ከጎን የምትተፋው ቀጭን ውሃ ትቆማለች። ያኔ ማጥፋት ነበር! ፖምፓው ውስጥ ያለው ጎማም ደርቆ ሲዞር ስለሚበላ ይቀየራል።

ሞተሩ በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ መንከሱን ለማወቅ በእጅ ይዞራል። ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል፤ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም ማለት ነው። ከዚያ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ኮምፕሬሽን ይለካል። ዋናው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ ሲሊንደሮቹ መቀራረባቸው ነው፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ያጠራጥራል።

የእኛው ዘይት ንጹሕ ነበር፣ አንዱ ሲሊንደር ግን በጣም ዝቅ አለ። «ይነሳል እኮ፤ ሰው ጭነህ መሐል ላይ እንዳይተውህ ነው» አለው መካኒኩ። ባለጀልባው ዝም አለ። ስንት እንደሚያስወጣው ልጠይቅ ብዬ አፈርኩ።

መምህራችን ረቂቄ ጠርዝ ላይ በቀይ «ዋጋውስ?» ብለው ጽፈውበታል።