ትምህርት ዘጠኝ፦ የአሠራርን ቅደም ተከተል መግለጽ

የአሠራር ገላጭ ድርሰት አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚያነብ ሰው የሚያነበው ለማወቅ ብቻ ሳይሆን የተጻፈውን ለመፈጸም ነው። ስለዚህ ጸሐፊው አንዱን ተግባር ከቦታው ቢያዛንፍ ጉዳቱ በአንባቢው ንብረት ላይ ይደርሳል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ የትኛው ተግባር ከየትኛው እንደሚቀድምና ለምን እንደሚቀድም አስተውሉ።

ሀ. ምንባብ
በፍላሽ የተዛመተን ቫይረስ ማስወገድ

በአዲስ ከተማ የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ከየአቅጣጫው የመጣ መንገደኛ የሚገናኝበትና ተመልሶ የሚበተንበት ስፍራ ነው። በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮችም ለፍላሾች እንዲሁ ናቸው። ነጋዴው የዋጋ ዝርዝሩን፣ ተማሪው የቤት ሥራውን፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን ለማሳተም ፍላሹን በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል። ከፍላሾቹ አንዱ ቫይረስ ይዞ ከመጣ ኮምፒዩተሩ ይበከላል፤ ከእርሱ በኋላ የሚሰኩትም ፍላሾች በሽታውን ይዘው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ይህ የመዛመቻ መንገድ አዲስ አይደለም። በኅዳር 2001 ዓ.ም. የታወቀው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ ለማስጀመር ይሰናዳ ስለ ነበር ለቫይረሱ በር ተከፍቶለት ነበር። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2003 ዓ.ም. ባሰራጨው ማሻሻያ ይህን አሠራር በቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ ገታው። ዛሬ በፍላሽ ከሚዛመቱት ቫይረሶች ብዙዎቹ የሚጠብቁት የባለቤቱን እጅ ነው። ሰነዶቹን ይሰውሩና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸውና ትንሽ ቀስት የሚታይባቸው አቋራጮች ያስቀምጣሉ። ባለቤቱ ሰነዱን የከፈተ መስሎት አቋራጩን ሲጫን ቫይረሱን ራሱ ያስነሣዋል።

ይህን ምልክት ስታዩ ከሁለት ነገሮች ተቆጠቡ። አቋራጮቹን አትክፈቱ፤ ፍላሹንም ፎርማት አታድርጉ። ፍላሹ ባዶ መስሎ ቢታይም ሰነዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ተሰውረው እንጂ ጠፍተው አይደለም። በችኮላ ፎርማት የተደረገ እንደሆነ ግን የወላጆች የሠርግ ፎቶግራፍም ሆነ የዓመቱ የሱቅ ሒሳብ ከቫይረሱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ቀጥሎ ፍላሹን ነቅላችሁ ኮምፒዩተሩን አጽዱ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የተባለ ጸረ ቫይረስ አብሮ ይገኛል። በመጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን በኢንተርኔት አድሱት፤ ካደሳችሁትም በኋላ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ከዚያም ከምርመራ ምርጫዎቹ መካከል «ኦፍላይን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር ምርመራው ይካሄዳል። እንዲህ የሚደረገው አስቀድሞ ሥራ የጀመረ ቫይረስ ከመርማሪው ሊሸሸግ ስለሚችል ነው። ይህ ሲያበቃ ሙሉ ምርመራውን አስከትሉ፤ ረጅም ጊዜ ቢወስድም አታቋርጡት።

ኮምፒዩተሩ ከጸዳ በኋላ ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ሳትከፍቱት በጸረ ቫይረሱ መርምሩት። ቀጥሎም የተሰወሩ ፋይሎችንና የሥርዓት ፋይሎችን እንዲያሳይ ዊንዶውስን እዘዙ። ሰነዶቻችሁ አንዳንድ ጊዜ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ። ሰነዶቹን ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጣችሁ በትክክል መከፈታቸውን አረጋግጡ። ፍላሹን ፎርማት የምታደርጉት ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻም የኢሜልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ለውጡ።

ለ. የሰዋስው ማስታወሻ

በአማርኛ ተከታታይ ተግባራትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመግለጽ ቦዝ አንቀጽ ያገለግላል። ቀድሞ የሚፈጸመው ተግባር በቦዝ አንቀጽ፣ መጨረሻ የሚፈጸመው በማሰሪያ አንቀጽ ይነገራል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

1. ፍላሹን ነቅላችሁ ኮምፒዩተሩን አጽዱ።
2. ኮምፒዩተሩን አጽድታችሁ ፍላሹን ንቀሉ።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው፤ ቃላቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ነገር ግን በሁለተኛው መሠረት የሠራ ሰው የተበከለው ፍላሽ እንደ ተሰካ ኮምፒዩተሩን ያጸዳል፤ ድካሙም ከንቱ ሊሆን ይችላል። አሁን ደግሞ እነዚህን ተመልከቱ።

3. ሰነዶቹን ገልብጣችሁ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ።
4. ፍላሹን ፎርማት አድርጋችሁ ሰነዶቹን ገልብጡ።

አራተኛውን ትእዛዝ የተከተለ ሰው የሚገለብጠው ሰነድ አያገኝም።

ልብ በሉ፤ ቦዝ አንቀጽ ሁልጊዜ ቅደም ተከተልን ብቻ አያመለክትም። «ሮጦ መጣ» ስንል «ሮጦ» የሚለው የአመጣጡን ሁኔታ ይገልጻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊያሻማ በሚችልበት ቦታ «ካደሳችሁት በኋላ» ወይም «ሥራ ሳይጀምር» እንደሚሉት ያሉ ግልጽ አነጋገሮችን ተጠቀሙ።

ሐ. መልመጃ

1. ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ አስቀድሞ መጽዳት ያለበት ለምንድን ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱ።
2. ከምንባቡ አምስት ቦዝ አንቀጾችን አውጡ። ቅደም ተከተልን የሚያሳዩትን ሁኔታን ከሚገልጹት ለዩ።
3. «ኢንተርኔቱን አቋርጣችሁ ጸረ ቫይረሱን በኢንተርኔት አድሱ» የሚለው ትእዛዝ ምን ስሕተት አለበት? አስተካክላችሁ ጻፉ።
4. በቤታችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ መርጣችሁ አሠራሩን በሦስት አንቀጽ ግለጹ። ከዚያም ሥራውን የማያውቅ ጓደኛችሁ ጽሑፋችሁን ብቻ እየተከተለ እንዲሠራው አድርጉ። እርሱ የቆመበት ወይም የተሳሳተበት ቦታ የድርሰታችሁን ጉድለት ያሳያችኋል፤ ያንን አርማችሁ እንደገና ጻፉ።