ብረቱ ገና ሳይቆም የተወደደው ሮለር ኮስተር

 

የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ስለ ሮለር ኮስተር ነው የምናወራው። ነፋስ መውጫም ሁኑ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስም ሁኑ ሌላ ቦታ፣ ስልክ የያዘ ሰው ያቺን ቪዲዮ ሳያያት አይቀርም፦ በረሃ መሐል ካለ ገደል ጫፍ ላይ ሰው የጫነ ረጅም ተሽከርካሪ በሐዲድ ቁልቁል ሲወረወር። ቦታው ከሪያድ ወጣ ብሎ የሚገኘው ቂዲያ ነው። መጫወቻው «ፋልኮንስ ፍላይት» ይባላል፤ የጭልፊት በረራ እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይሠራል ተብሎ ሲነገር የመክፈቻው ዓመት 2023 ነበር። ፓርኩ የተከፈተው ግን በ2025 የመጨረሻ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት «ከፊት ወንበር የተቀረጸ» እየተባለ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የነበረው ቪዲዮ በኮምፒውተር የተሠራ ነበር። ሰዉ ሲያደንቀውና ሲፈራው የከረመው ሐዲድ ገና አልተተከለም ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የድሮው ዓይነት ሮለር ኮስተር ሞተር የለውም። ተሽከርካሪውን በሰንሰለት እየሳቡ ጫፍ ላይ ያወጡትና ይለቁታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው የመሬት ስበት ብቻ ነው። ሲወርድ ያገኘውን ፍጥነት ይዞ ቀጣዩን ኮረብታ ይወጣል። ከሐዲዱ ተፈናጥሮ እንዳይወጣ ጎማዎቹ በሦስት በኩል ይይዙታል፦ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር። ከጋይንት ወደ መቄት የተሻገረ ሰው ስሜቱን በጥቂቱም ቢሆን ያውቀዋል፤ አውቶብሱ ጨጨሆ ላይ ሲታጠፍ ሆድ የምትንሳፈፍባት ቅጽበት አለች። (ልዩነቱ፣ እዚያ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ሆዱ እንድትንሳፈፍለት ነው፤ እኛ ደግሞ ዱዓ የምናደርገው እንዳትንሳፈፍብን ነው።) አዲሶቹ ግን ስበትን ብቻ አይጠብቁም። አቡ ዳቢ የሚገኘው «ፎርሙላ ሮሳ» እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከፈት በ5 ሰከንድ አካባቢ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ተሳፋሪው አሸዋና ነፍሳት ዓይኑን እንዳይመቱት መነጽር ያደርጋል። የቂዲያው በማግኔት ኃይል እየተገፋ 250 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ከፍታው 195 ሜትር፣ የሐዲዱ ርዝመት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር አፍቃሪ አያጣም። በአሜሪካና በአውሮፓ ስንት ሮለር ኮስተር ላይ እንደተሳፈሩ በቁጥር መዝግበው የሚይዙ፣ ለአንድ መጫወቻ ብለው አገር የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን ተሳፍረው የሚያደርጉትን አይደለም። «እገሌ ፓርክ አዲስ ሊሠራ ነው» የሚል ጭምጭምታ ሲሰሙ የሚሆኑትን ነው።

አፍቃሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ከልቤ አደንቃቸዋለሁ። ጭምጭምታ ሲሰሙ ወደ ማስረጃ ይሄዳሉ። ፓርኩ ለማዘጋጃ ቤት ያስገባውን የግንባታ ፈቃድ ሰነድ ያነባሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ61 ሜትር በላይ የሚቆም ግንባታ ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ መገለጽ አለበት፤ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ እሱን ያገላብጣሉ። ፓርኩ አዲስ ስም በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ እንደሆነ ያያሉ። የሐዲድ ብረት በሚቀጠቀጥበት ፋብሪካ ግቢ የተከመረውን ብረት ከሩቅ አይተው፣ ከቅርጹ የየትኛው ኩባንያ ሥራ እንደሆነ የሚለዩ ሁሉ አሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም «ጭምጭምታ ነው» ማለትን አያቆሙም። ፓርኩ ራሱ እስኪናገር፣ ወይም ብረቱ እስኪቆም።

መድረሳ የተቀመጣችሁ ይህ ምን እንደሚመስል ገብቷችኋል። ኢስናድ ነው! የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ንግግር ሲደርሳቸው ይዘቱን ከመውደዳቸው በፊት «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?» ይሉ ነበር። ኢማም አል-ቡኻሪ ደግሞ አስተላላፊው «ከእገሌ» ስላለ ብቻ አልተቀበሉም፤ ሁለቱ በአካል መገናኘታቸው መታወቅ ነበረበት። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ወሬን አጣሩ የሚለው ትእዛዝም ምክንያቱ አብሮት ተነግሯል፦ ባለማወቅ ሰው ላይ ጉዳት አድርሶ በኋላ እንዳይጸጸቱ። ለመጫወቻ የሚደረገውን ያህል ማጣራት እኛ ለሰው ክብር እንኳ አናደርግም፤ ይህን ስል ቅር አይበላችሁ።

ሁለተኛዎቹ አፍቃሪዎች ብዙዎቹ ናቸው። ምን እንደሚሠራ እንኳ ያልታወቀውን መጫወቻ አንዱ የዘመኑ ምርጥ ነው ይለዋል። ሌላው አጭር ነው፣ ከዚያኛው ፓርክ የተኮረጀ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ሦስተኛው ቀለሙ አልተመቸውም። ቀለሙ! ያልተቀጠቀጠ ብረት ቀለም። ከዚያ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ፓርኮቹም ይህን ያውቁታል፤ አንዳንዴ ራሳቸው ፍንጭ ጣል አድርገው ዝም ይላሉ። ወሬው የነጻ ማስታወቂያ ነውና።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ስድቡ ሳይሆን ሐዘኑ ነው። ሰውየው በጭምጭምታ 120 ሜትር ከፍታ ያለው ይሠራል ብሎ አምኖ ወራት ይቆያል። ቀኑ ደርሶ ፓርኩ «60 ሜትር ነው» ይላል። ትናንት ምንም ያልነበረው ሰው ዛሬ 60 ሜትር ተሰጥቶት 60 ሜትር እንደተሰረቀ ያዝናል። ቃል የገባለት ማንም አልነበረም። ቃሉን የገባለት ወሬው ነው፤ የገነባውም እሱ ራሱ ነው። አያችሁ፣ ያልተጣራ ወሬ ከውሸትነቱ ይልቅ የሚጎዳው በዚህ ነው፦ ያልተሰጠንን ነገር የተነጠቅን ያህል እንድንቆጥረው ያደርገናል፣ በእጃችን ያለውን ደግሞ ያሳንስብናል።

«ወሬውስ እውነት ሆኖ ቢገኝ?» ትሉ ይሆናል። ይሆናል፣ ሆኖም ያውቃል። ኒው ጀርሲ ውስጥ «ኪንግዳ ካ» የሚባል 139 ሜትር ከፍታ ያለው ሮለር ኮስተር ነበር፤ በ2005 የተከፈተ፣ ለረጅም ዓመታት በዓለም ረጅሙ። በ2024 ሊፈርስ ነው የሚል ጭምጭምታ ተነሣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ፓርኩ መዘጋቱን አስታወቀ፤ የካቲት 28 ቀን 2025 (ቀኑ በፈረንጆቹ ነው) በፈንጂ አፈረሱት። አፍቃሪዎቹ ያዘኑት በመፍረሱ ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ ስላልተነገራቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሳይሳፈሩበት ቀሩ። ታዲያ በበጋው «በእርግጠኝነት ይፈርሳል» ሲል የነበረው ሰው እውነተኛ ተናጋሪ ነው? አይደለም። ሳያውቅ ተናገረ፣ ገጠመለት። በሐዲስ ትምህርት ደካማ አስተላላፊ አንዳንዴ እውነት ስለተናገረ ብቻ ጠንካራ አይባልም።

የተረጋገጠው ነገርም ቢሆን «ኢንሻአላህ» ያስፈልገዋል። ኦሃዮ ያለው «ቶፕ ትሪል ድራግስተር» በ2021 ከተሽከርካሪው የወደቀ ብረት ተራ ስትጠብቅ የነበረችን ሴት ክፉኛ ካቆሰለ በኋላ ተዘጋ። እንደገና ተሠርቶ «ቶፕ ትሪል 2» በሚል ስም በግንቦት 2024 ተከፈተ። ሦስት የፈረንጅ ክረምት የጠበቁ ሰዎች ትኬት ቆረጡ፣ ሆቴል ያዙ። ከሳምንት ገደማ በኋላ በተሽከርካሪው ችግር ምክንያት ቆመ፤ የቀረውን የዓመቱን ጊዜ አልሠራም። ይህ ወሬ አልነበረም፤ የቆመ ብረት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልመለስ። ያቺ የቂዲያ ቪዲዮ ለኦሃዮው አፍቃሪ መዝናኛ ናት። ስማዳ ውስጥ ሥራ ላጣ የ19 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ልትሆን ትችላለች። አንድ ደላላ ቪዲዮዋን ከፍቶ ያሳየውና «አየህ? ይኸ ፓርክ ሰው እየቀጠረ ነው፤ ቪዛው በእጄ ነው፤ ይህን ያህል ብር አምጣ» ቢለውስ? ፓርኩ እውነት ነው፣ ፍጥነቱም እውነት ነው፣ ሪያድም አለች። ከዚህ ሁሉ እውነት መሐል «ቪዛው በእጄ ነው» የምትለዋ ብቻ ኢስናድ የላትም። ልጁ ግን ልቡ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሪያድ ነው። የአባቱ በሬ ዋጋ ትኬት ሆኖ ይታየዋል። የእስቴ ወይም የጋይንት ማሳ፣ ትናንት ያልከበደው፣ ዛሬ እንደታሰረበት እስር ቤት ይሆንበታል። እንደዚያ አፍቃሪ፣ ገና ያልተሰጠውን እንደተነጠቀ ቆጥሮታል።

መንገዱ የት እንደሚያደርስ ደግሞ ሽማግሌ መጠየቅ አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከመካከላቸው የሸጡትን ከብት ዕዳ ሳይከፍሉ የተመለሱ ነበሩ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣባችሁ እንደ መጀመሪያዎቹ አፍቃሪዎች ሰነድ ጠይቁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ ወጪውን ለይቶ አስቀምጦታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የሥራ ፈቃድ ክፍያ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው ፓስፖርትና የጤና ምርመራን የመሳሰለውን ነው። እንግዲህ «የቪዛ ብር አምጣ» ያላችሁ ሰው በአፉ ራሱን መስክሯል ማለት ነው። ዕድሜው 18 ያልሞላን ልጅ እልካለሁ የሚልም እንዲሁ። ሰው አገናኝቶ ወደ ውጭ ለሥራ መላክ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ሥራ ስለሆነ፣ የኤጀንሲውን ስም ይዛችሁ ወረዳችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱና አሳዩ። ደላላው «ስሙን ለማንም እንዳትናገር» ካለ፣ የሰንሰለቱ መጀመሪያ እሱ ነው፤ ከእሱ በላይ ማንም የለም።

እህቶቼ፣ ይህን የምላችሁ በተለይ ለእናንተ ነው፤ የቤት ሠራተኛ ተብላችሁ ስትጠሩ ውሉን በአማርኛ ሳታነቡ ጣታችሁን አትንከሩ። ማንበብ የሚችል ወንድም ወይም ጎረቤት አጠገባችሁ ይቀመጥ። እናት «ልጄ ደረሰች» ብላ ለጎረቤት ቡና ከማፍላቷ በፊት የውሉ አንድ ቅጂ ቤት ይቅር።

ቪዲዮዋን ግን እዩአት፤ አሁን እውነተኛው ተቀርጾ ወጥቷል። ተሽከርካሪው ከገደሉ ጫፍ ደርሶ ወደ ታች የሚያጎነብስባት ቦታ ላይ ሱብሐነላህ ያሰኛል።