"ችሎታል" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሐዘን ደርሶበት ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ ስናይ "ጎበዝ፣ ችሎታል" እንላለን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህችን ቃል ልመርምራት።

ከወላይታ ብዙም ሳንርቅ የጎፋን አደጋ እንውሰድ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶችም በሁለተኛው ናዳ ተዋጡ። እንዲህ ያለውን ያየ ልጅ ዘመድ ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ "እኔስ ለምን ተረፍኩ?" የሚል ጥያቄ ይዞ ሊሆን ይችላል ክፍል የሚገባው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ትምህርቱ ይጠፋበታል። ቅዠት፣ ቶሎ መደንገጥ፣ ክስተቱን የሚያስታውስ ነገር መሸሽና የስሜት መደንዘዝ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ኑሮን ካወኩ፣ ባለሙያዎች ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ይሉታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበሽታ ዝርዝሩ ያካተተው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

ጽናትስ? ኮነርና ዴቪድሰን በ2003 እ.ኤ.አ. በ25 ጥያቄዎች የሚለካ መጠይቅ አወጡ። ተማሪዎች ላይ የሚሠሩ ጥናቶች በአብዛኛው የጽናት ነጥብ ሲጨምር ምልክቶቹ ይቀንሳሉ ይላሉ። እኔን የከነከነኝ ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም መጠይቆች የሚሞሉት በአንድ ቀን ነው እኮ! ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ "ችግርን እቋቋማለሁ ወይ?" ሲባል "አይ" ቢል ምን ይገርማል? ጽናት ማነሱ ጭንቀቱን አመጣ ወይስ ጭንቀቱ ጽናቱን በላው? የአንድ ቀን መጠይቅ ይህንን አይለይም። ለመለየት ያንኑ ተማሪ ደጋግሞ መከታተል ያስፈልጋል።

ደግሞም ጽናት የግል ንብረት ብቻ አይደለም። ዶክተር መስፍን አርአያና ባልደረቦቻቸው ከጦርነት በኋላ በተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያን ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከችግር መቋቋሚያ ዘዴ ጎን የሰው ድጋፍንም መርምረዋል። በእኛ አገር ይህ ድጋፍ ለቅሶ ቤቱ፣ እድሩ፣ አብሮ የሚያድረው ዘመድ ነው። ተማሪው ግን ሻንጣውን ይዞ ዶርም ሲገባ ያንን ሁሉ እቤቱ ትቶት ይመጣል። ሰላምታ ተሰጣጥቶ የሚማር፣ ውጤቱም ያልወደቀ ልጅ ሌሊት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ማይክ ደቅነን "በዚያች ሰዓት ምን ተሰማህ?" ማለት ይቀናናል። ከዚያ በፊት "አሁን ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ማታ እንቅልፍ ይወስድሃል?" ብንለው፣ "ይቅርብኝ" ካለም መቅረጫውን ብናጠፋው ይሻላል።