በስኒ ውስጥ ያለው 162፦ የዕፅዋት ውህዶችን በማስ ስፔክትሮሜትር መለየት

በቡና ስኒ ውስጥ ጤና አዳም ጣል ማድረግ በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከቡናውና ከጤና አዳሙ አንዳንድ ውህድ ወስደን፣ ኬሚስቶች የውህዶችን ማንነት እንዴት እንደሚለዩ እንመለከታለን።

ዕፅዋት አንድን ሞለኪውል ከሠሩ በኋላ ብዙውን ጊዜ እንዳለ አይተዉትም፤ ስኳር፣ አሲድ ወይም ሌላ የአተሞች ስብስብ ያክሉበታል። ስኳር የታከለበት ሞለኪውል በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ በሴል ውስጥ ለማከማቸትም ያመቻል። ለምሳሌ ኩዌርሴቲን የተባለው ውህድ ግሉኮስና ራምኖስ የተባሉት ስኳሮች ሲታከሉበት ሩቲን ይሆናል። ሩቲን ስሙን ያገኘው ጤና አዳም ከሚመደብበት ሩታ ከተባለው የዕፅዋት ወገን ነው።

ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውሎችን ወደ አዮንነት ከለወጠ በኋላ የመጠነ ቁሳቸውንና የኤሌክትሪክ ሙላቸውን ጥምርታ ይለካል። ከዚያም የተመረጠውን አዮን ከጋዝ ጋር አጋጭቶ ይሰብረዋል። አንድ ፕሮቶን የተቀበለ ሩቲን 611 ላይ ይታያል፤ ሲሰበር 465 እና 303 ይገኛሉ። የመጀመሪያው ልዩነት 146፣ ሁለተኛው 162 ነው። የራምኖስ መጠነ ቁስ 164፣ የግሉኮስ ደግሞ 180 ሲሆን፣ ስኳር ሲያያዝ 18 የሚመዝን የውሃ ሞለኪውል ስለሚወጣ 146 እና 162 ይቀራሉ። እንግዲህ የተነጠሉት ሁለቱ ስኳሮች ናቸው፤ 303 ላይ የቀረውም ፕሮቶን የያዘው ኩዌርሴቲን ነው።

ነገር ግን 162 ሁልጊዜ ስኳር ማለት አይደለም። በቡና ውስጥ በብዛት የሚገኘው ክሎሮጄኒክ አሲድ፣ ፕሮቶን ሲያጣ 353 ላይ ይታይና ተሰብሮ 191 ይሰጣል። ልዩነቱ እዚህም 162 ነው፤ የተነጠለው ግን የካፌይክ አሲድ ክፍል እንጂ ስኳር አይደለም። ምሥጢሩ ከነጥብ በኋላ ባሉት አኃዞች ላይ ነው። ካርቦን 12፣ ሃይድሮጂን 1.00783፣ ኦክስጅን 15.99491 ናቸው። ስለዚህ 6 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጂንና 5 ኦክስጅን ያለው የስኳር ክፍል 162.053 ሲሆን፣ 9 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጂንና 3 ኦክስጅን ያለው የካፌይክ አሲድ ክፍል 162.032 ይሆናል። በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚለካ መሣሪያ ሁለቱን አይለያቸውም፤ በሚገባ ረቂቅ የሆነ መሣሪያ ግን ይለያቸዋል።

ረቂቅ መሣሪያም ቢሆን ወሰን አለው። ግሉኮስና ጋላክቶስ የአተሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ስለሆነ መጠነ ቁሳቸው እኩል ነው። እነርሱን ለመለየት ናሙናውን ማንነቱ ከተረጋገጠ ንጹሕ ውህድ ጋር በክሮማቶግራፊ ማነጻጸር ወይም ሌላ የምርመራ ዘዴ መጨመር ያስፈልጋል። አንድ ተክል መድኃኒትነት አለው ከማለታችን በፊት የመረመርነው ውህድ የትኛው እንደሆነ በእርግጥ ማወቅ ይኖርብናልና፣ ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ድካም አይደለም።

ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ከአንድ አዮን 176.047 ጎደለ እንበል። የተነጠለው 6 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጂንና 6 ኦክስጅን ያለው የግሉኩሮኒክ አሲድ ክፍል ነው? ወይስ 10 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጂንና 3 ኦክስጅን ያለው የፌሩሊክ አሲድ ክፍል? ከላይ በሰጠናቸው ቁጥሮች አስሉትና መልሱን ራሳችሁ ድረሱበት።