የተቀመጠ ጉልበት ወደ እርሻ ሥራ እንዴት ይለወጣል?
ስለ በሬ፣ ስለ ናፍጣና ስለ ውኃ መሳቢያ ሞተር

በእርሻ ላይ የሚንቀሳቀስ ሁሉ፣ በሬም ሆነ ሞተር፣ የሚሠራው አስቀድሞ በተቀመጠ ጉልበት ነው። በሬው ጉልበቱን ከድርቆሽና ከጭድ ያገኛል፤ ሞተሩ ከናፍጣ። ጉልበቱ ከየትም ይምጣ፣ ወደ እንቅስቃሴ ሲለወጥ የሚበዛው ክፍል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህን ብክነት ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም። ሊቀነስ የሚችለውን አለመቀነስ ግን ሙቅ አየር በገንዘብ እንደ መግዛት ነው።

ከበሬው እንጀምር። አንድ በሬ ሳይጎዳ ለሰዓታት ሊጎትት የሚችለው ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ አንድ ጥማድ በሬዎች እንግዲህ ሞፈሩን በ60 ኪሎ ያህል ኃይል ይስባሉ። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ 5 ሰዓት ቢያርሱ፣ የቀኑ ሥራቸው ከአንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የእንስሳው አካል ከሚበላው መኖ መጀመሪያ የሚያወጣው ለራሱ ነው፤ ለመተንፈስ፣ ለመቆም፣ ገላውን ለማሞቅ። ለሥራ የሚውለው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ መኖ የበላ በሬ ግማሽ ሥራ አይሠራም፤ ምናልባት ምንም ትርፍ የለውም። ቢሠራም የሚሠራው በገላው ላይ ያጠራቀመውን ስብ፣ ስቡ ሲያልቅም ሥጋውን እያነደደ ነው። በአገራችን ደግሞ ችግሩ የሚመጣው በከፋው ጊዜ ነው፦ በጋው ሲያልቅ ግጦሹ አልቋል፣ በሬው ከስቷል፣ ዝናቡም ጥሎ እርሻው የሚጣደፈው ያን ጊዜ ነው። በሬው ደክሞ ሁለት ሳምንት የዘገየ ዘር የሚያስከትለውን ገበሬው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ የበሬው ናፍጣ የሚቀመጠው በሰኔ ሳይሆን በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሣሩ ሳይደርቅና ሳይጠነክር፣ በሚያብብበት ጊዜ ታጭዶ ድርቆሽ ይሁን። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ የተሻለ መኖ ስለሆነ፣ ለጭቃ ከመዋሉ በፊት ለበሬዎቹ የሚሆነው ተለይቶ ይከመር። እርሻው ከመጀመሩ አንድ ወር ያህል አስቀድሞም ለእያንዳንዱ በሬ በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ወይም ፉርሽካ ከጨው ጋር ቢጨመርለት፣ ወጪው በሥራው ይመለሳል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ሞተሩ እንለፍ። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይዟል። በደኅና ይዞታ ላይ ያለ አነስተኛ ሞተር ከዚህ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው በኩል ይወጣል። ሩቡ እንኳ፣ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከአንድ ጥማድ በሬ የቀን ሥራ ይበልጣል። ይህን ስንል በሬው ይቅር ማለታችን አይደለም፤ በሬ ሰው የማይበላውን ጭድ ወደ ሥራ ይለውጣል፣ ፍግም ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን ከውጭ አገር የሚገዛ ነው።

ፓምፑ ከተቀበለው ኃይል ግማሹን ያህል ለውኃው ቢያስተላልፍ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 45 ሜትር ኩብ ውኃ ወደ 10 ሜትር ከፍታ ማውጣት በቻለ ነበር። በየወንዙ ዳር የምናየው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ዋናው ምክንያት ቱቦ ነው። የ3 ኢንች ፓምፕ ላይ ርካሽ ነው ተብሎ የ2 ኢንች ቱቦ ሲገጠም፣ ያንኑ ያህል ውኃ ለማሳለፍ በቱቦው ውስጥ ያለው የፍትጊያ ብክነት ከ7 እጥፍ በላይ ይሆናል። በቱቦው የተቆጠበው ብር በናፍጣ ይከፈላል።

ሁለተኛው የፓምፑ አቀማመጥ ነው። ፓምፕ ውኃን አይጎትትም፤ በመምጠጫው ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ውኃውን የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ ክብደት ውኃን እስከ 10 ሜትር ሊያነሣ ይችላል፤ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በቢሾፍቱ ግን ከ8 ሜትር ብዙ አያልፍም፣ ፍትጊያው ሲቀነስ ደግሞ ከ5 ሜትር በላይ ባይሞከር ይመረጣል። ስለዚህ ፓምፑ ከአፋፉ ላይ ሳይሆን ለውኃው ቀረብ ብሎ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ደልዳላ ቦታ ይቀመጥ። በዚያ ከፍታ ሞተሩም በአየሩ መሳሳት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣልና ሲገዛ ይህ ይታሰብ።

በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ላላቸው ገበሬዎች አንድ ምክር አለን። ለማታ የሚሆን ጉልበት በባትሪ ከማኖር፣ ቀን ውኃውን ወደ ታንከር አውጥቶ ማታ በቁልቁለቱ ማጠጣት በወጪም በጥገናም ይቀላል። የተነሣው ውኃ ራሱ የተቀመጠ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከታንከሩ ወፍጮ ለማዞር የሚያስብ ቢኖር፣ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ 10,000 ሊትር ውኃ የያዘው ጉልበት አነስተኛ ሞተር ከአንድ የቡና ስኒ ናፍጣ ከሚሰጠው ሥራ አይበልጥም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራውም ውኃ በብዛትና በከፍታ ካልሆነ ብዙ ጉልበት ስለማይሰጥ ነው።

የሞተሩ ይዞታ በቀላል መንገድ ይታወቃል። የናፍጣው ታንክ ሞልቶ፣ ሞተሩ አንድ ሰዓት ሠርቶ፣ እንደገና ለመሙላት ስንት እንደፈጀ ይለካ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜልም በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ይታይ። ሁለቱ ቁጥሮች በየወሩ በደብተር ይጻፉ። ናፍጣው ሲጨምር ወይም በርሜሉ ሲዘገይ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው፣ ቀጥሎ የመምጠጫው ቱቦ መጋጠሚያዎች ይመርመሩ። ጥቁር ጭስ ከታየ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነውና ማጣሪያው ከጸዳ በኋላም ካልጠፋ ኖዝሉ ለመካኒክ ይታይ።